ፈተናው ከብዶ ሳይሆን ፈተናው ጠፍቶ፦ የጥርስ ሐኪሞች የፈቃድ ወረፋ ታሪክ

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፌብሩዋሪ 2024 በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ፣ ሴንት ፖልስ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በመንግሥት የጤና አገልግሎት የሚታከሙ አዳዲስ ሰዎችን እንደሚመዘግብ ተሰማ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሩ ላይ ተሰለፉ። ሰልፉ ከመብዛቱ የተነሳ ሥርዓት ለማስያዝ ፖሊስ መጣ። ፎቶውም ዓለምን ዞረ።

ፎቶ ያልተነሳ ሌላ ሰልፍም ነበር። በሌላ አገር ተምረው፣ ተመርቀው፣ ለዓመታት ጥርስ ሲያክሙ ኖረው ወደ ብሪታንያ የሄዱ በሺዎች የሚቆጠሩ የጥርስ ሐኪሞች የሙያ ፈቃድ ፈተና ለመቀመጥ ቦታ ይጠብቁ ነበር። ታማሚው ሐኪም ይፈልጋል፤ ሐኪሙ ታማሚ ይፈልጋል። ሁለቱን እንዳይገናኙ ያደረጋቸው አንዱ ነገር የፈተና ቀን አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወዲህ ነው። ስለ ሙያ ፈቃድ ፈተና ክርክር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ክብደቱ ነው። «ይቅለል» የሚሉ አሉ፣ «ይጥበቅ» የሚሉ አሉ። ፈተናው መቼ ይሰጣል? በዓመት ስንት ጊዜ? ለስንት ሰው? ቢቋረጥስ የተፈታኙ ዕድሜ በማን ይታሰባል? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚህ ሙያ ታሪክ ግን የሚያሳየው ብዙው በደል ያለው በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያው ላይ መሆኑን ነው።

◾️ ፈተና ለምን መጣ?

ፈተናን ከሥሩ የሚጠላ ሰው ጥርስ ያለ ፈቃድ ይነቀል የነበረበትን ዘመን ቢያስታውስ ጥሩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብሪታንያ ውስጥ ጥርስ የሚነቅለው አንጥረኛ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ወይም በገበያ ቀን ሕዝብ ሰብስቦ የሚያሳይ ጮሌ ሊሆን ይችል ነበር። እንጥል የሚቆርጠውንና የሕፃን ድድ ሰንጥቆ የወተት ጥርስ የሚያወጣውን የሰፈር «አዋቂ» ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ደም ሲፈስ፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝ፣ ሕፃን ሲሞት ተጠያቂ የለም።

ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የመጣው ፈተና ነው። በ1858 የወጣው የሕክምና ሕግ የእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ ለጥርስ ሕክምና ፈቃድ እንዲሰጥ በር ከፈተለት፤ የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞችም በ1860 ተቀመጡ። በ1878 የጥርስ ሐኪሞች ሕግ ወጣ፤ «የጥርስ ሐኪም» የሚለው ስም ለተመዘገበ ሰው ብቻ ሆነ። ስሙ ታጠረ እንጂ ሥራው ግን አልታጠረም ነበር። ስሙን ሳይጠቀም ጥርስ የሚነቅል ሰው እንደ ልቡ መሥራቱን ቀጠለ። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ1921 ሕግ ነው።

የ1921ዱ ሕግ ዛሬም ትምህርት የሚሆን አንድ ነገር አድርጓል። በሩን ሲዘጋ በሩ ላይ የቆሙትን አልቀጠቀጠም። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ከነበሩት ሰባት ዓመታት አምስቱን በሥራው ላይ ያሳለፉና ጠባያቸው የተመሰከረላቸው ሰዎች እንዲመዘገቡ ፈቀደ። አንዳንዶች ይህን እንደ ድክመት ያዩታል። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ግን ቀላል ነው፦ መንግሥት ሕግ ሲቀይር በሁለቱ ሕጎች መካከል የተያዘው ሰው ያላጠፋውን አይክፈል። ይህን ሐሳብ እንያዘው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የተረሳው እሱ ነውና።

◾️ ከፈተናው በፊት ያለው በር

ፈተና ፍትሐዊ የሚሆነው ለመፈተን የሚያበቃው መንገድ ፍትሐዊ ሲሆን ነው። የሊሊያን መሬይ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ይህች ሴት በ1890ዎቹ መጀመሪያ ለንደን በሚገኘው የብሔራዊ የጥርስ ሆስፒታል ለመማር አመለከተች። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ወደ ውስጥ እንኳ አላስገቧትም። ወንዶቹን ተማሪዎች ሐሳባቸውን ትበትናለች በሚል ያነጋገሯት ውጭ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ነው። መልሱም «አይሆንም» ሆነ።

ሊሊያን ፈተና ወድቃ አይደለም የተመለሰችው። ፈተናው ጋ እንድትደርስ አልተፈቀደላትም። ወደ ስኮትላንድ ሄዳ ኤድንብራ ገባች፣ በ1895 ፈቃዷን ይዛ ወጣች፤ በብሪታንያ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት የጥርስ ሐኪም ሆነች። በ1946 ደግሞ የብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች። መንገድ ላይ አነጋግሮ ያባረራትን ከተማ ብትሰማ ኖሮ ሙያው አንድ መሪውን ያጣ ነበር።

በዚያ ዘመን በር ላይ ያለው ሰው «አትገቢም» ይል ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚል የለም። ዛሬ የሚባለው «ቦታ ሞልቷል፤ በሚቀጥለው ዙር ሞክሩ» ነው። ንግግሩ ትሑት ነው። ነገር ግን «በሚቀጥለው ዙር» የሚለው ቃል አሥር ጊዜ ከተደገመ ከ«አትገቢም» በምን ይለያል?

◾️ አንድ ሙያ፣ ሁለት በር

በጁላይ 1948 የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲጀመር ሕዝቡ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ጎረፈ። ለዓመታት በሕመም የኖረ ድሃ በነፃ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማግኘት ቻለ። ወጪው መንግሥትን ስላስደነገጠው በ1951 ለሰው ሠራሽ ጥርስ ክፍያ ተጣለ፤ የአገልግሎቱ መሥራች አኒዩሪን ቤቫንም ከሥልጣን ከለቀቁባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የጥርስ ሐኪም እጥረት ከድሮም የነበረ የአገሪቱ ቁስል ነው።

እጥረቱን ለመሙላት ከውጭ የተማሩ ሐኪሞች አስፈለጉ። ከ1978 ጀምሮ በወጡ የአውሮፓ መመሪያዎች መሠረት በአባል አገሮች የተማረ ሐኪም ዲፕሎማውን አሳይቶ ያለ ፈተና የሚመዘገብበት መንገድ ተከፈተ። ኅብረቱ ሲሰፋ፣ በ2004 ፖላንድ፣ በ2007 ሩማንያ ሲገቡ በሩም አብሮ ሰፋ። ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላም የአውሮፓ ዲፕሎማ ያለ ፈተና የሚታወቅበት አሠራር ቀጥሏል።

ከሙምባይ፣ ከካይሮ፣ ከካርቱም ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ግን በሌላኛው በር ይገባል። ያ በር ፈተና ነው። የጥርስ ሐኪሞችን የሚመዘግበው ጀነራል ዴንታል ካውንስል በ2001 ለውጭ አገር ምሩቃን የነበረውን ፈተና አሻሽሎ አዲስ አመጣ፤ በ2007 ደግሞ አሁን ኦአርኢ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ፈተና ተተካ። ከ1860 ጀምሮ የነበረው የሮያል ኮሌጁ የፈቃድ ፈተናም እንደ ሁለተኛ አማራጭ አለ። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ በጥርስ ሕክምና ተመርቆ ለንደን የሚኖር ወጣት ከነዚህ ከሁለቱ አንዱን ማለፍ አለበት።

ፈተና መኖሩ በደል ነው? አይደለም። ታካሚው አፉን ከፍቶ የሚተኛለት ሰው እጁ የተፈተነ መሆኑን የማወቅ መብት አለው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ፈተና ግዴታ ያደረገ መንግሥት ፈተናውን የማቅረብ ግዴታ የለበትም?

◾️ ላም አለኝ በሰማይ

ኦአርኢ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በኮምፒውተር የሚሰጥ የንድፈ ሐሳብ ፈተና ነው። ሁለተኛው የእጅ ሥራ ነው። ተፈታኙ በሰው ጭንቅላት አምሳያ ላይ ጥርስ ይሰረስራል፣ ይሞላል፤ ታካሚ መስሎ ከሚቀርብ ተዋናይ ጋር ይነጋገራል፤ የሕክምና ዕቅድ ያወጣል፤ ድንገተኛ አደጋ ሲገጥም ምን እንደሚያደርግ ያሳያል። አምሳያው፣ ወንበሩ፣ መሰርሰሪያው፣ ፈታኙ ሁሉ የሚገኘው በጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ነው፤ እነሱ ደግሞ የራሳቸው ተማሪዎች አሏቸው። የሁለተኛው ክፍል አንድ ዙር ለረጅም ጊዜ የያዘው 144 ሰው ብቻ ነው። በዓመት አራት ዙር ቢሰጥ እንኳ 576 ሰው ማለት ነው። ተሰላፊው ግን በሺዎች ነው።

ቦታው የሚከፋፈልበት መንገድ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ምዝገባ ሲከፈት ቅድሚያ የሚያገኘው ቀድሞ ኮምፒውተሩን የተጫነ ነበር። ቦታዎቹ በደቂቃዎች ያልቃሉ። ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ያገኛል፤ መብራት የጠፋበት ያጣል። ለንደን ቀን ሲሆን እኩለ ሌሊት ላይ ያለ አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይሽቀዳደማል። በፈረቃ የሚሠራ፣ ሕፃን የያዘች እናት፣ ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ዕድሉ ያመልጠዋል። ይህ ምን ይለካል? የጥርስ ሕክምና ችሎታን? የጣት ፍጥነትን እንጂ ሌላ ምንም አይለካም።

ከዚህ በላይ ሁለት ገደብ አለ። አንድን ክፍል ከአራት ጊዜ በላይ መሞከር አይቻልም። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የመጀመሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሞከሩበት ቀን ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ መታለፍ አለበት። የአምስት ዓመቱ ገደብ ምክንያት አለው፤ ያረጀ ዕውቀት ይዞ ሐኪም መሆን አደጋ ነው። ነገር ግን ገደቡ የተጻፈው ፈተናው ሁልጊዜ እንደሚኖር ታስቦ ነው። ባይኖርስ?

◾️ ሰዓቱ ያልቆመበት ዘመን

በ2020 ኮሮና መጣ። ፈተናው ተቋረጠ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ዓለም ሁሉ ተቋርጦ ነበር። ፈተናው ግን በወራት ውስጥ አልተመለሰም። በድጋሚ መሰጠት የጀመረው በ2022 ነው።

በዚህ መካከል የተፈታኞቹ የአምስት ዓመት ሰዓት መቁጠሩን ቀጠለ። ፈታኙ ቆሟል፤ ሰዓቱ አልቆመም። የመጀመሪያውን ክፍል አልፎ ሁለተኛውን ሲጠብቅ የነበረ ሐኪም፣ ለመፈተን ዕድል ሳይሰጠው፣ ጊዜው እያለቀ ሄደ። ካውንስሉ ገደቡን እንዲያነሳ ሲጠየቅ ገደቡ በሕግ የተጻፈ ስለሆነ በራሱ ሥልጣን ሊቀይረው እንደማይችል ገለጸ። ሕግ አውጪው ደግሞ ጊዜ ወሰደ።

ሕጉ የተስተካከለው በማርች 2023 ነው። በወረርሽኙ ለተጎዱት ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠ፤ ካውንስሉም የፈተናውን ደንብ ለማሻሻል የተሻለ ነፃነት አገኘ። መልካም ነው። ነገር ግን ሦስት ዓመት ለጠበቀ ሰው ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። የ1921 ሕግ አውጪዎች በሽግግር ላይ ያለን ሰው ላለመቅጣት ድንጋጌውን ከሕጉ ጋር አብረው አወጡ። የዘመናችን ሕግ አውጪዎች ግን ያንኑ ለማድረግ ሦስት ዓመት ፈጀባቸው።

ከዚያ ወዲህ ለውጥ አለ፤ አለመናገር ግፍ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ቦታ በአንድ ዙር ከ200 ወደ 600 ከፍ ብሏል። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ የውጭ ምሩቃን በልምድ ባለው ሐኪም ክትትል ሥር በጊዜያዊ ምዝገባ እንዲሠሩ የሚያስችል ሐሳብ ለሕዝብ ውይይት አቅርቧል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው በር ሰፍቶ ሁለተኛው እንደጠበበ ከቀረ ሰልፉ ከውጭ ወደ ኮሪደር ተዛወረ እንጂ አላጠረም። የሁለተኛው ክፍል ክፍያም ከ4,000 ፓውንድ በላይ ሆኗል።

◾️ አሜሪካ፦ ታካሚው ራሱ የፈተና ወረቀት ሲሆን

የቀን ጉዳይ የእንግሊዝ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የጥርስ ሐኪም ፈቃድ ለማግኘት ተፈታኙ ሕያው ታካሚ ይዞ መቅረብ ነበረበት። ፈተናው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ተፈታኙ ፈተናው በሚጠይቀው ቦታና መጠን የተቦረቦረ ጥርስ ያለው ሰው ይፈልጋል፣ የትራንስፖርትና የሆቴል ይከፍልለታል፣ አንዳንዴም ለመምጣቱ ገንዘብ ይሰጠዋል። ታካሚው በዕለቱ ከቀረ ጎበዙም ይወድቃል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በታካሚው ላይ የሚደርሰው ነው። ዛሬ መታከም ያለበት ጥርስ የፈተናው ቀን እስኪደርስ ይቆያል። ፈተና የተፈጠረው ታካሚን ለመጠበቅ ነበር፤ እዚህ ግን ታካሚው ለፈተናው ቀን ተጠበቀ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2005 ይህ አሠራር እንዲቀር አቋም ያዘ። ኒውዮርክ ከ2007 ጀምሮ የእጅ ፈተናውን ትታ በምትኩ ክትትል ያለበት የሥራ ላይ ሥልጠና እንዲሆን አደረገች። ሌሎቹ ግን በአብዛኛው እንደነበሩ ቆዩ። በ2020 ወረርሽኙ ሕያው ታካሚ ማቅረብን ሲያስቆም ብዙ ግዛቶች ለዓመታት «አይቻልም» ሲባል የኖረውን በአምሳያ ጥርስ የመፈተን መንገድ በወራት ውስጥ ተቀበሉ። ችግር ሲመጣ የሚቻል ነገር ድሮም ይቻል ነበር ማለት ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በዱባይ ወይም በሳውዲ ለመሥራት የሚፈልግ የጤና ባለሙያ ፕሮሜትሪክ በሚባሉት የኮምፒውተር መፈተኛ ማዕከላት ቀን መርጦ ይቀመጣል። እርግጥ ነው፣ የእጅ ሥራን በኮምፒውተር መለካት አይቻልም። ነገር ግን ቢያንስ የንድፈ ሐሳቡ ክፍል በዓመት ጥቂት ቀናት ላይ የሚታሰርበት ምክንያት እንደሌለ ያሳያል።

◾️ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች

አንደኛ፦ «ቦታ መብዛቱ ጥራትን ይጎዳል» ይባላል። ይህ የማለፊያ ነጥብንና የመቀመጫ ብዛትን ማምታታት ነው። 144 ሰው ተፈተነ 1,000 ሰው፣ የማለፊያው መሥፈርት ያው ነው። ወንበር ማሳነስ ብቁውን ከብቁ ካልሆነው አይለይም። የሚለየው ለዓመታት ያለ ሥራ መቆየት የሚችለውን ባለ ገንዘብ ከማይችለው ነው። እንዲያውም ረጅም ጥበቃ ጥራትን ይገድላል። የጥርስ ሐኪም ችሎታ እጁ ላይ ነው፤ መሰርሰሪያ ሳይነካ ሦስት ዓመት በመጋዘን ዕቃ ሲደረድር የቆየ እጅ ይደነዝዛል።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፤ በተለይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ። «እነሱ በሩን ቢያሰፉ የእኛ ሐኪሞች አይደሉ የሚሄዱት?» እውነት አለው። የጥርስ ሐኪም እጥረት ያለበት አገር ያስተማረውን ሲነጠቅ ያማል። ነገር ግን የፈተና ወረፋ ስደትን ሲያስቀር አልታየም። ሰዎቹ ሄደዋል። ወረፋው ያደረገው ከሄዱ በኋላ ለማንም እንዳይጠቅሙ ማድረግ ነው፦ ያሳደጋቸው አገር አጣቸው፣ የተቀበላቸውም አላገኛቸውም። የስደት ጥያቄ በደመወዝ፣ በሰላምና በሥራ ሁኔታ ይመለሳል እንጂ ሰውን በኮሪደር በማቆም አይመለስም።

አንድ ነገር ግን ሳይጋነን መነገር አለበት። የብሪታንያ የጥርስ ሕክምና ችግር የፈተናው ብቻ አይደለም። ቢቢሲ በኦገስት 2022 ባወጣው ምርመራ ከአሥር ክሊኒኮች ዘጠኙ በመንግሥት አገልግሎት አዲስ አዋቂ ታካሚ አይቀበሉም ነበር። ዋናው ምክንያት ብዙ ሐኪሞች የማያዋጣ የሚሉት ከ2006 ጀምሮ ያለው የክፍያ ውል ነው። ፈተናው ቢስተካከል ይህ ሁሉ አይፈታም። ሆኖም ውሉን ማስተካከል ዓመታትን ይጠይቃል፤ የፈተና ቀን መጨመር ግን እንደዚያ አይደለም።

◾️ ፍትሐዊ የፈተና ቀን ምን ይመስላል?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አምስት ነገር ይወጣል።

1. የዓመቱ የፈተና ቀናት አስቀድመው ይታወቁ። ሰው ሥራውን፣ ቪዛውን፣ ወሊዷን በግምት ማቀድ የለባቸውም።

2. የወንበሩ ብዛት በተሰላፊው ልክ ይወሰን። ስንት ሰው እንደሚጠብቅ የሚያውቅ አካል ያንን ቁጥርና የሚያቀርበውን ቦታ ጎን ለጎን አድርጎ ይፋ ያውጣ።

3. ወረፋ ወረፋ ይሁን። ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለጠበቀና ጊዜው ሊያልቅበት ለተቃረበ ነው፤ በፍጥነት ለተጫነ አይደለም።

4. ፈተናው ሲቆም ሰዓቱም ይቁም። ይህ ወረርሽኝ ከመጣ በኋላ የሚለመን ሳይሆን ቀድሞ በሕጉ የሚጻፍ ይሁን።

5. ውጤት ከቀጣዩ ምዝገባ በፊት ይድረስ። ውጤቱ ዘግይቶ አንድ ዙር ያመለጠው ሰው ሳይወድቅ ወድቋል።

እነዚህ አምስቱ ለለንደን ብቻ የተጻፉ አይደሉም። ኢትዮጵያም ዛሬ የፈተና አገር ሆናለች። የጤና ባለሙያ የብቃት ምዘና አለ፤ ከ2023 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና አለ። በትግራይ በጦርነቱ የተቋረጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች የተቀመጡት ከዓመታት በኋላ በ2023 ነው። የእነዚያ ልጆች ዕድሜ በማን ይታሰባል የሚለው ጥያቄ ከአምስት ዓመቱ ሰዓት ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ፈተና የሚሰጥ ተቋም ሁሉ ስለ ማለፊያ ነጥቡ አጥብቆ ይናገራል። ስለ ቀኑ፣ ስለ ዙሩ፣ ስለ ወንበሩ ግን ጠያቂ ካልመጣበት ዝም ይላል።

የወደቀ ሰው ቢያንስ የት እንደተሳሳተ ያውቃል፤ አጥንቶ ይመለሳል። ፈተናው ያልመጣለት ሰው ግን የሚያርመው ስሕተት የለውም። ስለዚህ ማንም መንግሥት «ብቃትህን አሳይ» ከማለቱ በፊት የሚያሳይበትን ቀን ይስጠው።